ጸጋን ከበር ጠባቂ የተማርን

ጅጅጋ በገባሁ በመጀመሪያው እሁድ፣ ለአምልኮ የሄድኩበት ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አንድ ሽማግሌ አስቁመውኝ ክርስቲያን መሆኔን እንዳስረዳ ጠየቁኝ። በ2012 መጀመሪያ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የባዮሎጂ መምህርት ሆኜ ከአዲስ አበባ ተመድቤ መምጣቴ ነበር፤ ከአከራዬ በቀር የማውቀው ሰው አልነበረም።

ያሳሳታቸው የአከራዬ ደግነት ነው። ባሏ የሞተባት ሶማሌ ናት፤ በግቢዋ ክፍሎች ታከራያለች። ጠዋት ለባብሼ ስወጣ ከበሯ ጠራችኝና፣ "አባዮ፣ በዚህ ንፋስ እንዲህ ሆነሽ ልትወጪ ነው? የከተማውን አቧራ በሙሉ በጸጉርሽ ልትሰበስቢው?" አለችኝ። አባዮ በሶማሊኛ እህቴ ማለት ነው። መልሴን ሳትጠብቅ የራሷን ጋርባሳር፣ ያን ሶማሌ ሴቶች የሚከናነቡትን ሰፊ ሻርፕ፣ ከአናቴ እስከ ወገቤ ጠቀለለችልኝ። ቤተ ክርስቲያን እንደምሄድ ስነግራት "አላህ ይስማሽ" አለችና፣ በዚህ ዕድሜዬ ለምን እንዳላገባሁ መጠየቋን ቀጠለች።

እንደዚያው ተከናንቤ በር ላይ ደረስኩ። ሽማግሌው ጡረታ የወጡ ወታደር ናቸው። ረጅም፣ ደረቅ፣ ኮታቸውን እስከ ላይ የቆለፉ። ቦርሳዬን ፈተሹ። በዚህ አልተከፋሁም። በ2010 ክረምት በከተማው ቤተ ክርስቲያናት መቃጠላቸውን የሰማ ሁሉ ሰው በር ላይ ለምን እንደሚቆም አይጠፋውም፤ የግቢው አጥር አንዱ ጎን ገና ጥላሸት እንደለበሰ ነበር። ቦርሳ ይፈተሽ። የገረመኝ ከቦርሳው በኋላ የመጣው ነው።

"ምን ልትሠሪ ነው የመጣሽው?" አሉኝ።

"ለአምልኮ ነው፣ ጋሼ።"

"አንቺ?"

"እኔ። ከአዲስ አበባ የመጣሁ አስተማሪ ነኝ።"

"ከየትኛው ቤተ ክርስቲያን? መሸኛ ይዘሻል?"

"ዛሬ አልያዝኩም። አመጣለሁ።"

"እንግዲያ ጥቅስ በቃልሽ በይ።"

የመጣልኝን አልኩ። የመጣልኝም ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው፣ መዳን የማንም ሰው ሥራ ውጤት እንዳልሆነ፣ በጸጋ ብቻ እንደሆነ የሚናገረው ጥቅስ ነበር። ሽማግሌው አዳመጡ፤ ከዚያ ምዕራፉን ጠየቁኝ። ምዕራፉን ነገርኳቸው። ቁጥሩን ጠየቁኝ። እሱንም ነገርኳቸው። ያኔ ፊታቸው ፈካ፣ እጄን በሁለት እጃቸው ያዙና፣ "ጸጋ ይብዛልሽ፣ ልጄ፣ ግቢ" አሉኝ።

ገባሁ። ጸጋ በነጻ መሆኑን በትክክል ስለተናገርኩ በሩ ተከፈተልኝ። አንዲት ቁጥር ብስት ኖሮ ምን ይበዛልኝ እንደነበር እንጃ።

ትንሽ ቆይቶ፣ አስተማሪ ስለሆንኩ ብቻ፣ ለአዲስ ሰዎች መሠረታዊ ትምህርት እንድሰጥ ተመደብኩ። ስለዚህ ሰው በዚያ በር እንዴት እንደሚገባና ከገባ በኋላ ምን እንደሚሆን በቅርብ ለማየት ችያለሁ። ያየሁትን ልናገር። በዚያ ቤት ውስጥ ጸጋን ከመጽሐፍ የተማረ ሰው አላጋጠመኝም። ሁሉም የተማረው በመጀመሪያው ቀን በር ላይ ከቆመው ሰው ፊት ነው። መጽሐፉ በኋላ ይመጣል፤ የመጣውም ያንኑ ፊት ለማስረዳት ነው።

ኮንትራክተሩን ልውሰድ። እሱም የመጣው እኔ በመጣሁበት ዓመት ነው። መንገድ ሊሠራ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ወፍራም፣ ሳቂታ ሰው ነበር። በመጀመሪያው እሁድ በትልቅ ነጭ መኪና መጣና ከትልቁ በር ፊት ለፊት ቆሞ ጥሩንባውን ነፋ። ያ በር የሚከፈተው ለሠርግና ለቀብር ብቻ ነበር። ሽማግሌያችን ኮታቸውን እያስተካከሉ ሄደው ሁለቱንም መዝጊያ ወለል አድርገው ከፈቱለት። ጥቅስ የጠየቀው የለም። መሸኛ የጠየቀው የለም። ከፊት ረድፍ የመጋቢው እንግዶች የሚቀመጡበት ትራስ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ ውሃ ቀረበለት፣ ከስብከቱ በፊትም "ወንድማችን ጥቂት ቃል ይበሉን" ተባለ።

ተነሣና ተናገረ። "ጌታ ለእኔ ጸጋ አብዝቶልኛል" አለ። "የትም ስሄድ በር ይከፈትልኛል። ሳልጠይቅ። ይኸው እዚህም ስመጣ ተከፈተልኝ።" ሕዝቡ አጨበጨበ። ሽማግሌው ከኋላ ቆመው ከሁሉም አስበልጠው አጨበጨቡ፤ በሩን የከፈቱት እሳቸው መሆናቸውን የረሱ ይመስሉ ነበር።

እሱ መሠረታዊ ትምህርት አልተማረም። መጋቢውን ስጠይቅ፣ "እሱ ይህን አልፏል" ተባልኩ። ምኑን እንዳለፈ አልተነገረኝም። በወር ውስጥ የግንባታ ኮሚቴ አባል ሆነ፤ በጸሎት ጊዜ ድምፁ ከፍ ብሎ የሚሰማው የእሱ ነበር፤ ጨረታ ባሸነፈ ቁጥር ምስክርነት ይሰጣል፣ በተሸነፈ ቁጥር ስለ ጠላት አሠራር ይነግረናል። ቅን ሰው ነበር። ይህን በፌዝ አልልም። ጸጋ ማለት ለእሱ ዓይነት ሰው የሚከፈት ትልቅ በር ነው ብሎ ከልቡ ያምን ነበር፤ እኛም ሌላ ነገር አላሳየነውም።

የሄደውም ስለዚያው ነው። አንድ እሁድ ከድሬዳዋ የመጣ ሰባኪ ከነቤተሰቡ የፊቱን ረድፍ ይዞ ነበር። ኮንትራክተሩ ዘግይቶ ሲመጣ አስተናጋጁ ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ በመዘምራንና በአንድ አልቃሽ ሕፃን መካከል አስቀመጠው። እስከ ስብከቱ አጋማሽ ታገሠ። ከዚያ ተነሥቶ ወጣ፣ አልተመለሰም። መጋቢው ደውለው ቢጠይቁት፣ "በዚያ ቤት ጸጋው ቀንሷል፤ ይሰማኛል" አላቸው። መጋቢው ይህን ለእኛ የነገሩን እያዘኑ ነው፤ ለሳምንታትም ጸጋው የት እንደሄደ ጾም ጸሎት ታወጀ። ወንበሩ ላይ ሰው እንደተቀመጠበት ያነሣ አልነበረም።

በዚያው ሰሞን ነው የቶጎጫሌዋ ሴት የመጣችው። ዕድሜዋ ወደ አርባ አምስት ይጠጋል። ከወሎ ገጠር ገና ልጃገረድ ሳለች ወጥታ ቶጎጫሌ ድንበር ላይ ለጭነት መኪና ሾፌሮች ሻይ እየሸጠች ኖራለች፤ አንዱን ሾፌር አግብታ ነበር፣ እሱ ድንበሩን ተሻግሮ ቀረ። ከዚያ ጅጅጋ መጥታ ልብስ መነገድ ጀመረች። አማርኛዋ በሶማሊኛ ተሸምኗል፤ እንደ አካባቢው ሴቶችም ከራስ እስከ እግር የሚሸፍን ጅልባብ ትለብሳለች። እንዴት ወደ እኛ እንደመጣች ስጠይቃት፣ "በባጃጅ ሳልፍ መዝሙር ሰማሁ፤ አውርደኝ አልኩት" አለችኝ። ሌላ ምክንያት አልነበራትም።

ሽማግሌው ጥቅስ ጠየቋት። አታውቅም። "እሺ መዝሙር?" አሏት። እንዳጋጣሚ አጠገባቸው ነበርኩ። ዓይኗን ጨፍና፣ በልጅነቷ በመንደሯ ደብር የሰማችውን የማርያም መዝሙር ጀመረች። ድምፅ አላት። ሽማግሌያችን ከጅልባቡ ይልቅ በመዝሙሩ ደነገጡ። እስላም ናት ብለው ጠርጥረው ነበር፤ አሁን ደግሞ ኦርቶዶክስ ሆና አረፈችው።

"እህቴ፣ ክትትል ያስፈልግሻል" አሏት። ክትትል ማለት ከአዳራሹ ውጭ፣ ድምፅ ማጉያው ካለበት የቆርቆሮ ጥላ ሥር ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ መስማት ነው፤ ሽማግሌዎች ተሰብስበው እስኪወስኑ። ሽማግሌዎች ደግሞ ለመሰብሰብ የማይቸኩሉ ሰዎች ናቸው።

ተቀመጠች። በየእሁዱ መጣችና ተቀመጠች። ንፋሱ አቧራውን ያመጣባታል፤ ድምፅ ማጉያው ሲጮህ ጆሮዋን በጅልባቧ ትሸፍናለች። እኛም አጠገቧ ስናልፍ "ጸጋ ይብዛልሽ" እንላታለን፣ እንገባለን። እንዲህ ያለ ሰላምታ ያለን ሕዝብ ነን፤ አፋችን ሲያበዛ እጃችን በሩን ይዞ ይቆማል። ቆይቶ ኮሮና መጣና ሁላችንም አፍና አፍንጫችንን ሸፍነን፣ ማን ማን እንደሆነ ሳይታወቅ በዚያው በር መግባት ጀመርን። ያስቸገረው የእሷ መሸፈን ብቻ ነበር።

ለመጋቢው ነገርኳቸው። "ይህቺ ሴት እስከ መቼ ነው ውጭ የምትቀመጠው?"

"ሥርዓት ነው፣ መምህርት። ያለፈውን ታውቂያለሽ።"

"ቦርሳዋ ተፈትሿል እኮ። ጅልባብ ነው እንጂ የለበሰችው ቦምብ አይደለም።"

ሽማግሌው በመካከል ገቡና፣ "ታውልቀው፣ ትግባ" አሉ።

ሄጄ ነገርኳት። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ "ከሥሩ የለበስኩት ቀሚስ ለሰው ዓይን የሚሆን አይደለም፣ ቲቸር" አለችኝ። ልብስ የምትነግድ ሴት ናት፤ ደህናውን ትሸጠዋለች።

ይህን አፌ አላርፍ ብሎ ለሴቶች ክፍል ነገርኩ። እነሱም ተረባረቡ። አዋጥተው አንድ ሰፊ፣ አበባ በአበባ የሆነ ቀሚስ ገዙና እሁድ መድረክ ላይ ጠርተው ሰጧት። ፎቶ ተነሡ። ከወንበሩ ተነሥታ በዋናው መተላለፊያ መጀመሪያ የተራመደችው ያን ዕለት ነው፤ አለቀሰች። ሁሉም "ጸጋ ነካት" ተባባለ። እኔ ከቶጎጫሌ በሚመጣው መንገድ ላይ በሚኒባስ ሄጃለሁ፤ በየኬላው ሰው ወርዶ ዕቃው ሲበረበር፣ ካለፈ በኋላ ደግሞ ሴቶች ሻርፓቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሲተነፍሱ አይቻለሁ። በእሷ ላይ ያየሁትም ያንን ፊት ነው።

ዓመታት አለፉ። ተማረች፣ ተጠመቀች፣ ጅልባቡን ለገበያ፣ አበባማውን ቀሚስ ለእሁድ አደረገችው። ሽማግሌው ጉልበታቸው እምቢ ሲላቸው በሩን ለማን እንደሚያስረክቡ ተጠየቁ። "ለቶጎጫሌዋ" አሉ። "ሰው ታውቃለች። ኬላ ላይ ያደገች ናት፣ የሚያታልላት የለም።" እሷም ባጅዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ቆመች። ደስ አለኝ። በዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ሌላውን እዚያ አያስቀምጥም ብዬ አሰብኩ። ስለ ሰው ልጅ ይህን ያህል ሞኝ ነበርኩ።

አንድ እሁድ ከቀብሪበያ የመጣች፣ ሃያ ዓመት ገና የሞላት የምትመስል ልጅ በር ላይ ቆማ አየሁ። ሰው ቤት ስትሠራ አባርረዋት ዕቃዋን በፌስታል ይዛ ነው የመጣችው። የቶጎጫሌዋ ሴት አላፈናፈነቻትም።

"ጥቅስ በይ።"

"አላውቅም፣ እናቴ።"

"መዝሙር?"

"እሱንም አላውቅ።"

"ከዚያ ወንበር ላይ ተቀመጪ።"

ልጅቷ ሄዳ ተቀመጠች። እኔ ደሜ ፈልቶ ወደ ሴትየዋ ሄድኩ።

"እትዬ፣ አንቺ እንኳን?" አልኳት።

"እኔ እንኳን ማለት ምን ማለት ነው?"

"እዚያ ወንበር ላይ አንድ ዓመት የተቀመጥሽው አንቺ አይደለሽም?"

"ነኝ። ተቀመጥኩ፣ ታገሥኩ፣ ገባሁ።" ድምፅዋን አላነሣችም። "ይህቺን አሁን ዝም ብዬ ባስገባት፣ ያኔ እኔን ያስቀመጡኝ በክፋት ነበር ማለት ነው። በክፋት ነበር እንዴ?"

"ነበር" አልኳት።

ወደ እኔ ቀረብ አለች። "ታዲያ ያኔ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ለመጋቢው ነግሬያቸው ነበር።"

"ለእኔ ነው የምልሽ።"

ከዚያ ሌላ ሰው መጣና ወደ በሩ ዞረች። እኔ ወደ አዳራሹ ገባሁ። ስብከቱን አላስታውስም። ሕዝቡ ጸጋ፣ ጸጋ እያለ ሲዘምር፣ እኛ ይህን ቃል እንደ ውርስ ቂም ነው የምንቀባበለው ብዬ ማሰቤን ግን አስታውሳለሁ፤ የተቀበለን ሰው እንዳስጠበቀን እናስጠብቃለን፣ መጀመሪያ እንደተከበርነው ያላከበረንን ትተን እንሄዳለን፣ ሁሉንም አንድ ስም እንጠራዋለን። በሴትየዋም ተስፋ ቆረጥኩ። ለሰዎች መናገሬም አልቀረም።

ያልነገርኳቸው ያላየሁትን ነው። በኋላ ልጅቷ መሠረታዊ ትምህርት ልትማር እኔ ዘንድ ስትመጣ ያን ቀን እንዴት እንዳለፈ ነገረችኝ። "መጀመሪያ ስትቆጣኝ ፈራኋት" አለች። "ከዚያ መዝሙሩ ሲጀመር ሻይ በወተት ይዛልኝ መጣች። ስብከቱ ሲጀመር ዳቦ አመጣች። ፀሐይዋ ስትዞር ወንበሩን ከነእኔ ወደ ጥላው ገፋችው። ሲያልቅ 'የት ነው የምታድሪው?' አለችኝ። የትም አልኳት። ፌስታሌን ተቀብላኝ ወደ ቤቷ ይዛኝ ሄደች።" ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አብረው ይኖሩ ነበር፤ ልጅቷ ግን በየእሁዱ፣ ሽማግሌዎች እስኪወስኑላት፣ ውጭ ትቀመጣለች። ጠዋት ከአንድ ቤት አብረው ይወጣሉ፣ በር ላይ ሲደርሱ አንደኛዋ ቆማ ሌላኛዋን ወንበሩን ታሳያታለች።

የጥምቀት ዝግጅት ሲደርስ ፈተና አለ። ሦስት ሰዎች ተቀምጠው ይጠይቃሉ፤ መጋቢው፣ አንድ የሽማግሌዎች ተወካይ፣ እኔ። የልጅቷ ተራ ሲደርስ መጋቢው ጠየቋት።

"ጸጋ ምንድን ነው?"

ትንሽ አሰበች። "በር ላይ ይቆጣሻል፤ ከዚያ ቤቱ ይወስድሻል" አለች።

ተወካዩ ሳቀ። መጋቢው አልሳቁም። "እህቴ፣ መጽሐፉን አንብበሻል?"

"አንብቤያለሁ። ግን እኔ ያየሁት እንደዚያ ነው።"

"ያየሽውን አልጠየቅንሽም" አሏት።

በመጨረሻው ቀን ያየነውን ባንጠየቅማ ሁላችንም በደህና ባለፍን ነበር። እንድታልፍ ብዬ ተከራከርኩ፤ ሁለት ለአንድ ተሸነፍኩና በሚቀጥለው ዙር እንድትመለስ ተወሰነ። ስንወጣ የቶጎጫሌዋ ሴት ውጭ ትጠብቃት ነበር። ሦስታችን በአንድ ባጃጅ ተሳፈርን።

"ምን ጠየቁሽ?" አለቻት።

"ጸጋ ምንድን ነው አሉኝ።"

"ምን አልሽ?"

ልጅቷ ወደ እኔ አየች፤ እኔ ወደ መንገዱ አየሁ። "አንቺን ነገርኳቸው" አለች።

 ባጃጁ ገበያው መካከል በፍየሎች ተይዞ ቆመ፤ ሾፌሩ በሶማሊኛ እየጮኸ ያባርራል። ሴትየዋ ጅልባቧን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች። ከዚያ በቁጣ ተናገረች።

"እንዲህ አይባልም። 'የማይገባን ስጦታ' ነው የሚባለው። ሁለት ቃል ናት። ሁለት ቃል አጥተሽ ነው የወደቅሽው?"

"የማይገባን ማለት በበሩ የማያስገባን ማለት ነው?" አለች ልጅቷ። እየቀለደች አልነበረም።

እኔ ሳቄ አመለጠኝ። ሴትየዋ ገላመጠችኝና፣ "አንቺ ደግሞ አስተማሪ ሆነሽ ይህን አታስተምሪያትም?" አለችኝ። እውነቷን ነው። እንዴት እንደማስተምራት ግን ዛሬም አላውቅም።

በሚቀጥለው ዙር ልጅቷ ሁለቱን ቃላት ከነጥቅሳቸው፣ ከነምዕራፍና ቁጥራቸው ተናገረች። መጋቢው ረኩ። "አሁን ገባት" አሉ። ተጠመቀች፣ ተጨበጨበ፣ በዋናው በር ገብታ በመካከለኛው ረድፍ ተቀመጠች። አንድ ወንድም ለምስክርነት ጋብዟት ነበር፤ እምቢ አለች። ምን እንደሚባል አውቃለሁ፣ አለችኝ በኋላ፣ ለማለት ግን አልፈልግም።

አሁን ቀብሪበያ ሱቅ ውስጥ ተቀጥራ ትሠራለች፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሚኒባስ መጥታ ከሴትየዋ ጋር ታድራለች። ቤታቸው ከእኔ አጥር ጀርባ ስለሆነ ይሰማኛል። ይጨቃጨቃሉ፤ ልጅቷ ሳህን ሳታጥብ ተኝታለች፣ ሴትየዋ በሶማሊኛ ትሳደባለች፣ ልጅቷ በሶማሊኛ ትመልሳለች፣ ከዚያ የአንዳቸው ሳቅ ይመጣል። የማን እንደሆነ እስካሁን መለየት አልቻልኩም።